መዝገቡ ሳይፈተን በሩ አይከፈት

አዳማ የሸቀጥ መተላለፊያ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም ሆነ ከባድ መኪና በደጃፏ ያልፋል። ከአጠገቧ የሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፤ ከሞጆም ወደ ደቡብ ሲወርዱ የመቂና የባቱ አትክልት፣ ከዚያም የሻሸመኔ ገበያ ይገኛል። ይህ ሁሉ ንግድ የሚኖረው በመዝገብ ነው። መዝገቡ ቀድሞ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ዳታቤዝ በሚባለው ባሕረ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ባሕረ መዝገቡም በበኩሉ ከየመሥሪያ ቤቱ እየወጣ ክላውድ ወደሚባለው የኪራይ ሰርቨር በመጓዝ ላይ ነው።

ክላውድ ማለት ደመና ነው። ስሙ የሰማይ ይሁን እንጂ ነገሩ የምድር ነው፤ ግድግዳና ጣራ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ ተሠርተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የተባለ የኪራይ አገልግሎት ይሰጣል። ከተከራዮች አንዳንዱ ከሌሎች ጋር በደባልነት ይገባል፤ ብዙ ሥራ ያለበት ድርጅት ግን ሰርቨሩን እንዳለ ለብቻው ይይዘዋል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህኛው ነው።

እኛን የሚያሳስበን መከራየቱ አይደለም፤ ሳይፈትኑ መረከቡ ነው። ለኪራዩ ጨረታ ይወጣል፤ ለምረቃው ሪባን ይቆረጣል፤ ለፈተናው ግን ቀንም ገንዘብም አይመደብም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ፈተና ሲጎድል ምን እንደሚደርስ በአገራችን ታይቷል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰማ ተማሪው በየገንዘብ መክፈያ መኪናው ፊት ተሰለፈ። ባንኩ ከውጭ የመጣ ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተነሣው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ እንደሆነ አስታወቀ። ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው በልመናም በማስጠንቀቂያም ተመለሰ፤ ያልመለሱት ስማቸው ከነፎቶግራፋቸው ወጣ። ወጣቶቹን መውቀስ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተለወጠ ሥርዓት ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት «ከሌለው ሒሳብ ለማውጣት ቢሞከር ይከለክላልን?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት ብንል ማንንም የበደልን አይመስለንም።

ይህ የድሃ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስል የእንግሊዙን ቲኤስቢ ባንክ እንጥቀስ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ደንበኞቹን መዝገብ ወደ አዲስ ሥርዓት አዛወረ፤ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑት ከሒሳባቸው ተቆለፉ። ኋላ ሲመረመር፣ የሥራ ጫና መሸከም አለመሸከሙ የተፈተነው ከሁለቱ የዳታ ሴንተሮች በአንደኛው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቅጣቱ ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

የውጭው ፈተና ግን ለእኛ አይበቃም። የኛ መዝገብ የራሱ ጠባይ አለውና በራሱ መንገድ መፈተን ይገባዋል። ሰርቨር አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በአዳማ ክሊኒክ ቢመዘገብ ልደቱ በትክክል መያዙ መታየት አለበት። የሰርቨሮችም ሰዓት ዘወትር የሚሞላው ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በቀረው የዓለም ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሞጆ የወጣ የጭነት መኪና፣ ካልታረመ በቀር፣ በትናንትናው ቀን እንደ ወጣ ይጻፋል። የቀን ሒሳብ ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ኃይሉ» በአንዱ መስኮት በኃ፣ በሌላው በሀ ተጽፎ እንደ ሁለት ሰው የሚቆጠርበት ጣጣም አለ።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ አገር ሊታሰብበት የሚገባው የኦሮምኛ ስም ነው። በቁቤ ሲጻፍ ሁድሃ የምትባል ትንሽ ጭረት በብዙ ስሞች መካከል ትገባለች። ይህችው ጭረት በዳታቤዝ ቋንቋ የጽሑፍ መዝጊያ ናት። በጥንቃቄ ያልተሠራ ፕሮግራም እዚያ ላይ ሲደርስ ስሙን አልመዘግብም ይላል፤ ይኸው ቀዳዳም ለሌባ በር ይሆነዋል። እንግዲህ የሰው ስም መቀበል የማይችል መዝገብ በአዳማ ወይም በሻሸመኔ ምን ይሠራል? ዋጋው ውድ፣ ፍጥነቱም ድንቅ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን አልተሠራም።

ሌላው፣ ምናልባትም ትልቁ ፈተና፣ የመጠባበቂያው ቅጂ ነው። «ባክአፕ አለን» ማለት ቅጂው ይነበባል ማለት አይደለም። ቅጂውን በሌላ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሶ ማስነሣት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀና የስንት ደቂቃ ሥራ እንደጎደለ መጻፍ ያስፈልጋል። ቅጂው የተቀመጠበት ስፍራም ይጠየቅ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ግቢ ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። እኛ ደግሞ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ላይ ነው፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አቅራቢያ የደረሰው 6.0 መጠን ያለው ርዕደ መሬት እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ዋናውን በአዳማ፣ ቅጂውን በመተሐራ ማኖር ብልህነት አይደለም። ከአገር ውጭ ለመላክ የሚያስብም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድሞ ያንብብ።

«ይህን ሁሉ አከራዩ ያስብበት» የሚሉ አይጠፉም። አከራዩ የሚያስበው ለመብራቱ፣ ለቁልፉና ለመኪናው ነው፤ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደ፣ ሲገዛ የመጣው የይለፍ ቃል መቀየሩ፣ ስሙና ቀኑ በትክክል መግባቱ የተከራዩ ጉዳይ ነው። ጊዜ ይወስዳል የሚለውንም እንቀበላለን፤ በእኛ ግምት አንድ ወር ግድም ይወስዳል።

ዘዴውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በአገራችን ሕንፃ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ያደርጋል፤ ከክፍያው ጥቂቱን ይዞ ያቆያል፤ ክረምቱ አልፎ ጣራው አለማፍሰሱ ሲታይ የመጨረሻውን ርክክብ ይፈርማል። የአዳማና የአካባቢዋ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ኮሌጆች፣ ሐኪም ቤቶችና የገበሬ ዩኒየኖች ይህንኑ በሰርቨር ውላቸው ውስጥ ያስገቡ እንላለን። ገንዘቡ የሚለቀቀው ቅጂው በኮሚቴው ፊት ተነሥቶ፣ ሁድሃ ያለበት ስምና የጳጉሜ 6 ልደት ከውስጡ ሲነበብ ይሁን። ከኮሚቴውም አንዱ አባል በየቀኑ መዝገቡን የምትከፍተው ጸሐፊ ትሁን፤ የትኛው ገጽ እንደሚያስቸግር ከመሐንዲሱ ይልቅ እርስዋ ታውቃለችና።