ቢስክሌት ነጂዋና ረጅሙ ሩጫ

የሩጫ ነገር ሲነሳ በብዙዎቻችን ቤት ቶሎ የሚታወሰው የሜዳሊያው ደስታ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን የሚመለከተው ባለሜዳሊያዎችን አይደለም። ማለዳ ቢስክሌቷን ነድታ ሥራ የምትገባውን፣ ማታ የቤት ጣጣዋን የምትጨርሰውን፣ አንድ ቀን ግን ተነስታ «እኔም በረጅሙ ሩጫ ልመዝገብ» የምትለውን እናት ወይም ወጣት ሠራተኛ ነው። ረጅም ሩጫ ስንልም አልትራ ማራቶን የሚባለውን፣ ማለትም ከማራቶኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚያልፈውን ሩጫ ሁሉ ማለታችን ነው። ይህችን እህት ምን ብለን እንምከራት? «ተይው» ወይስ «በርቺ»? መልሳችን «በርቺ፣ ግን አትቸኩዪ» የሚል ነው። ምክንያቱን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ቢስክሌትና ሩጫ በአገራችን አብረው የቆዩ ስፖርቶች ናቸው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ያሰለፈችው ሯጮችንና ቢስክሌት ነጂዎችን ነበር። ሁሉም ግን ወንዶች ነበሩ። የሴቶቻችን ተራ የደረሰው በ1972 ዓ.ም. በሞስኮው ኦሎምፒክ ነው። ከዚያም 12 ዓመት ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደች፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን አሸነፈች።

በሩ የተዘጋባቸው የእኛ አገር ሴቶች ብቻ አልነበሩም። በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን «ኮምሬድስ» የተባለ የታወቀ አልትራ ማራቶን አለ። በ1915 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሄይዋርድ የምትባል ሴት ልመዝገብ ብትል ተከለከለች። እርሷ ግን ሳትመዘገብ ከወንዶቹ ጋር ተነስታ መንገዱን በ11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ፈጸመች። ሜዳሊያ አልተሰጣትም፤ ሯጮቹና ተመልካቾቹ ግን ከብር የተሠራ የሻይ ዕቃ ሸለሟት። ሴቶች በይፋ እንዲመዘገቡ የተፈቀደው ከ52 ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የመመዝገቢያው በር ክፍት ነው። የቀረው ጥያቄ ሰውነትም ቤትም ተዘጋጅተዋል ወይ የሚለው ነው።

ልብ ይቀድማል፣ አጥንት ይከተላል

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወደ ይፋት እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል እየተጠመዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ቁሩ በሙቀት፣ ገብሱም በማሽላ፣ በማሾና በሽንኩርት ማሳ ይተካል። የቆላው ሜዳ ለቢስክሌት ይመቻል።

እንበልና አንዲት የሸዋ ሮቢት እናት ለዓመታት በቢስክሌት ሥራዋ ስትመላለስ፣ በዕረፍት ቀንም ራቅ አድርጋ ስትነዳ ቆይታለች። ልቧ ጠንክሯል። አንድ ቀን ጫማዋን አጥብቃ ሩጫ ስትጀምር ትንፋሽ አያጥራትም፤ ጓደኞቿ ሲያለከልኩ እርሷ እያወራች ትሮጣለች። «ቢስክሌት ላይ አራት ሰዓት ከዋልኩ መሮጥማ ምን ያቅተኛል?» ብላ በመጀመሪያው ሳምንት 15፣ በሁለተኛው 25 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ብዙ ሳይቆይ ጉልበቷን ወይም የቅልጥሟን አጥንት ይዛ ትቀመጣለች።

ለምን? በቢስክሌት ላይ አብዛኛውን ክብደታችንን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። እግር ይገፋል እንጂ መሬት አይመታም። በሩጫ ጊዜ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና በእግር ላይ ያሳርፋል። አንዱ እርምጃ አንድ ሜትር ነው ብንል 90 ኪሎ ሜትር ማለት 90 ሺህ ጊዜ መሬት መምታት ነው። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። እንዲያውም ለዓመታት ቢስክሌት ብቻ የሚነዱ ስፖርተኞች አጥንታቸው ከሯጮች አጥንት የሳሳ ሆኖ እንደሚገኝ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ስለሆነም ቢስክሌት ነጂዋ ትንፋሿን ብቻ አምና መንገድ መጀመር የለባትም።

ቁልቁለቱም ያታልላል። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት መሮጥ ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በቁልቁለት የጭን ጡንቻ ሰውነትን ለመግታት እየተለጠጠ ስለሚሠራ ከዳገት ይልቅ በቁልቁለት ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚብሰው በማግሥቱና በሁለተኛው ቀን ነው። ቢስክሌት ደግሞ ይህን አያለማምድም፤ ቁልቁለት ላይ ነጂው ያርፋልና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ እየሮጡ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ በአፈር መንገድ ላይ መለማመድ ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት ልብን የሚያሠራው ያው የለመደችው ቢስክሌት ይሁን። ነጂዋ ከሌላው ጀማሪ የምትበልጠውም በዚህ ነው፤ እግሯን እያሳረፈች ልቧን ማሠራት ትችላለች። ከዚያ በኋላ ርቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ይበል። ቁልቁለቱም ከአጭሩ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይለመድ። ዳገት ላይ መራመድ ነውር አይደለም፤ በአልትራ ማራቶን ብዙዎቹ ዳገቱን ይራመዱታል። በአንድ ቦታ ተነጥሎ የሚሰማ፣ ሲጫኑት የሚያም፣ በዕረፍትም የማይተው የአጥንት ሕመም ካለ ግን ሩጫው ይቁምና ሐኪም ይየው።

ርቀት መቀየር ለታላላቆቹም ጊዜ ይፈጃል። ትዕግሥት አሰፋ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር። በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ በጊዜው የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ።

ሙቀት፣ ውሃና ጨው

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ዕለት ረጅም ሩጫ መሮጥ አደገኛ ነው። የአካባቢው ሰውም ቢሆን ፀሐይዋ ሳትጠነክር ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢወጣ ይሻለዋል። መንገዱ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ በዳር መሮጥ፣ ብቻን አለመውጣት፣ ከመውጣትም በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መጠየቅ ይገባል።

የውሃ ማነስ እንደሚጎዳ ሁላችን እናውቃለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከመጠን ያለፈ ውሃም እንደሚገድል ነው። ለረጅም ሰዓት እየሮጡ ሳይጠማቸው ውሃ ደጋግመው የሚጠጡ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእጅ ጣቶች ማበጥ፣ የአእምሮ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ደንቡ ሲጠማ መጠጣት ነው። ከሩጫ በፊትና በኋላ መመዘንም ይረዳል፤ ሮጣ የመጣች ሴት ክብደቷ ከጨመረ ከሚገባው በላይ ጠጥታለች ማለት ነው። ከሙቀት የተነሳ የምትቃዥ ወይም ራሷን የምትስት ሯጭ ካጋጠመች ደግሞ ጥላ ሥር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ በሰውነቷ ላይ ማፍሰስና ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። በግድ ውሃ ማጠጣት አይገባም።

ማዕዱና የሴት ጤንነት

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሮጥ ሰው ስንቅ ያስፈልጋል። ይህም የግድ ከውጭ የመጣ እሽግ ምግብ መሆን የለበትም። ጨው ጣል የተደረገበት የበሶ ብጥብጥ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በማር ይበቃል። ሆኖም ሆድም ሥልጠና ይፈልጋልና በውድድር ቀን ያልተሞከረ ምግብ አይበላ።

በወር አበባ ምክንያት ደም የሚቀንሳቸው እናቶች ለብረት ማዕድን እጥረት ይጋለጣሉ። እዚህ ላይ አንድ የቤታችን ልማድ መታረም አለበት። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ በምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም መጨመር ጥቅም አለው። ይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርበት አገር ነው፤ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ጾሙን የሚጾሙ እህቶች ረጅሙን ልምምድ ከጾሙ ወራት ውጭ ቢያደርጉት፣ በጾሙ ጊዜም ቀለል ባለው ቢወሰኑ ይመረጣል።

የወር አበባ ሦስት ወር ያህል ሲቀር «ስፖርቱ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። እርግዝና ካልሆነ ሰውነት ከሚበላው በላይ እየሠራ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ መቀጠል አጥንትን ያሳሳል። የወለደች እናትም ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላት፣ የጤና ባለሙያ ሳያያት ወደ ሩጫ ባትመለስ መልካም ነው።

ማጀቱም የሥልጠናው ቦታ ነው

ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለልምምድ የምትነሳ እናት ከምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ እንጀራ የምትጋግርና ልብስ የምታጥብ ከሆነ እንቅልፏ ስድስት ሰዓት ነው። አጥንትና ጅማት የሚጠገኑት ደግሞ በእንቅልፍ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሩጫው ሴቲቱን አያጠነክራትም፤ በድካም ላይ ድካም ይጨምርባታል። ስለሆነም «በርቺ» የሚል ባል ቃሉ ብቻ በቂ አይደለም። «አንቺ ሮጠሽ እስክትመለሺ ልጆቹን አልብሼ ቁርሳቸውን አበላለሁ» የሚል ባል ግን የሥልጠናው ተካፋይ ነው። የደረሱ ልጆች፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ዕቃ ቢያጥቡና ውሃ ቢቀዱ ለእናታቸው ከማንኛውም ጫማ የበለጠ ስጦታ ነው።

ምዝገባውም በቤተሰብ ተመክሮበት ይሁን። ክፍያው ከልጆች ወጪ የሚቀነስ እንዳይሆን፣ የሰዓት ገደቡ፣ የውሃ ጣቢያውና የሕክምና ዝግጅቱ ተጣርቶ እንዲታወቅ ያስፈልጋል። «ኮምሬድስ» የ12 ሰዓት ገደብ አለው፤ አስቀድሞም የማራቶን ውጤት ይጠይቃል። ይህ ደንብ ለማንኛዋም ጀማሪ መልካም ትምህርት ነው። መጀመሪያ የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ በ1994 ዓ.ም. እንደ ተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ያለ 10 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ግማሽ ማራቶን፣ ከዚያ ማራቶን፤ አልትራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ይህ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጅ ይሆናል።

እናቶችና እህቶች፣ ፍራንሲስ ሄይዋርድ ስሟን የሚጽፍላት መዝገብ አጥታ ሮጠች። ዛሬ መዝገቡ ለእናንተ ተከፍቷል። ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቁ። እግሬ ስንት ወር መሬት ለምዷል? እኔ በማለዳ ስወጣስ ቤቱን ማን ይይዝልኛል? ለሁለቱም መልስ ያገኘች ሴት ቢስክሌቷን በግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ የጫማዋን ክር አጥብቃ መንገዷን ትጀምር።