ልጁ አልሰለቸውም፤ የሰለቸው አባቱ ነው

እሁድ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ በር ላይ ከመኪና የሚወርዱ ቤተሰቦችን ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ የታዘበ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አባት የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ይቀድማል። እናት ልጆቹን ታሰልፋለች። ነጭ ጫማ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ለፎቶ ታስቦ የተለበሰ ልብስ። ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ "ተው አትንካ!"፣ "ትቆሽሻለህ!"፣ "እዚህ ጋ ቁም፣ ሳቅ በል!" ይጀመራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሹ ልጅ "እንሂድ" ብሎ ያለቅሳል። ያኔ ስልኩ ከቦርሳ ይወጣል፣ ካርቱኑ ይከፈታል፣ ልጁም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ስክሪን ላይ ያፈጣል። ማታ ፎቶዎቹ "ከቤተሰብ ጋር በተፈጥሮ መሐል" ተብለው ይለጠፋሉ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ፍርዱ ይሰጣል፦ "የዘመኑ ልጆች ተፈጥሮ አይወዱም፤ ያለ ስልክ አይሆንላቸውም።"

ይህ ፍርድ ሐሰት ነው። ሐሰት ብቻም ሳይሆን ጥፋቱን ከትልቅ ሰው ጫንቃ አውርዶ አምስት ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ የሚጭን ፍርድ ነው። ልጁ ጫካ ገብቶ አያውቅም። የገባው የአዋቂዎች ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ የሰለቸውም እሱ ነው።

የአዋቂ የእግር ጉዞ መድረሻ አለው፤ ጫፉ፣ ካፌው፣ ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳየው ቦታ። ሕፃን ልጅ ግን እንዲህ አይሄድም። ይቆማል፣ ይጎነበሳል፣ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ያለፈውን ሊያይ ይመለሳል። ሁለት መቶ ሜትር አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ለእሱ ጉዞው ያ ነው። አባትየው ግን "ና እንጂ፣ ምን ታያለህ?" ይለዋል። ጥያቄው ግሩም ነበር፤ ችግሩ አባት መልሱን ለመስማት አይቆምም። ልጁ ያየው ጉንዳን ከራሱ የሚበልጥ ገለባ እየጎተተ ነው። ይህን ከመሰለ ትርኢት እጁን ተይዞ የተጎተተ ልጅ "ተፈጥሮ አይወድም" ይባላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው "ልጆቹን ምን እናድርግላቸው?" የሚለው ጭንቀት ነው። ለዚህ ጭንቀት ገበያው መልስ ይዞ ቆሟል። የሚነፋ ቤተመንግሥት፣ በገመድ መንሸራተት፣ ፈረስ፣ ፊት ላይ ቀለም መቀባት። አንዱም ሐጢአት የለበትም፤ ልጅ ፈረስ ላይ ቢወጣ ደስ ይላል። ግን ሁሉም በየተራው ይከፈልበታል፣ ሁሉም በደቂቃ ይለካል፣ ሲያልቅም ልጁ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ደስታ ትኬት እንዳለው። ሦስት ልጅ ያለው ደሞዝተኛ የወሩን ሒሳብ ራሱ ያውቀዋል። "አቅም የለንም" ብሎ ልጆቹን ግቢ ውስጥ ዘግቶ የሚያሳድገውም ከዚህ የተነሳ ነው። ጫካ ገንዘብ የሚጠይቅ ቦታ መስሎታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ብቻውን የግማሽ ቀን ጨዋታ ነው። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አካባቢው ማገዶ ሲያልቅበት ከሩቅ አገር መጥቶ ተተከለና ከተማዋን ከመፍረስ አዳናት። ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮ አንድ ሥራ መስጠት ይቻላል፦ "የሕፃኑን ቅጠልና የሽማግሌውን ቅጠል ከአንድ ዛፍ ፈልገህ አምጣ።" ነጭ ባሕር ዛፍ ገና ከሥሩ ሲያቆጠቁጥ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አመድማ ሰማያዊ ነው፤ ሲያድግ ግን ረዝሞ ማጭድ ይመስላል። የአንድ ዛፍ ልጅ መሆናቸውን ማንም አያምንም። ልጁ ይህን በራሱ እጅ ካገኘ በኋላ "እንሂድ" የሚለው አባቱ ይሆናል።

ኮሶ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ልጆች የሚያስጠላ ነገር እንደሚወዱ ማን ይክዳል? የዛፉም የትሉም ስም ኮሶ ነው። የዛሬ ልጆች ቅድመ አያቶች ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ሲይዛቸው የዚህን ዛፍ አበባ አድርቀውና ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡ ነበር። መራራነቱ ለተረት የበቃው በከንቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለሰባት ዓመት ልጅ የነገረ አባት መንገዱን ሙሉ ሲጠየቅ ይውላል፦ "አባዬ፣ ትሉ ምን ያህል ይረዝማል? አንተስ ጠጥተህ ታውቃለህ? በየት ነው የሚወጣው?" ቀላ ያለው ዘለላ የሴቴዋ ዛፍ አበባ መሆኑን፣ ለመድኃኒትም የሚፈለገው እሱ መሆኑን ቢጨምርበት ልጁ ከዛፍ ዛፍ እየሮጠ "ይቺ ሴት ናት! ይሄ ወንድ ነው!" ማለቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ ያደረገ ቤተሰብ አንድ ሳንቲም አላወጣም።

ጽድም አለ። ቅጠሉን በጣት አሽቶ ማሽተት ነው፤ እንጨቱ እርሳስ ይሠራበት የነበረ መሆኑን ነግሮ ልጁ ቦርሳው ውስጥ ያለውን እርሳስ እንዲያሸት ማድረግ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራም አለ። አዲስ አበቤ በየቀኑ ስለሚያየው ይንቀዋል እንጂ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው፤ የውጭ ወፍ ተመልካቾች ቲኬት ቆርጠው የሚመጡት እሱንም ለማየት ጭምር ነው።

እንቆቅልሽስ? አያቶች ለምሽት የፈጠሩት ጨዋታ ለመንገድም ይሆናል። ደንቡ አንድ ብቻ ይጨመርበት፤ መልሱ አሁን በዓይን የሚታይ ነገር ይሁን። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልሽ?" "በየዓመቱ ልብሱን የሚያወልቅ፣ የማያፍር።" ቅርፊቱን የሚልጠው ባሕር ዛፍ ነው። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል። ልጅቷ አዲስ አበባን ተቀብላ ጎንደር ላይ ስትደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር አልቋል፤ እግሬን አመመኝ ያለም የለም። ደክሟቸው ሲቀመጡ ደግሞ መሬት ላይ ጉድጓድ ተጭሮ በጠጠር ገበጣ ይጫወቱ። ቁጥር የሚማሩበት ምንም መተግበሪያ ማውረድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ይነሳል። ብዙ ወላጅ ስልኩን ለልጁ የሚሰጠው ልጁ ስለሰለቸው አይደለም። "አባዬ፣ ይሄ ዛፍ ምንድን ነው?" ሲባል መልስ ስለሌለው ነው። ሁለት ዲግሪ ያለው ሰው ጽድን ከዝግባ አይለይም። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ተፈትኗል፤ ግቢው ውስጥ የበቀለውን ግራዋ ግን ስሙን አያውቅም። በዚያው እንጦጦ ላይ ጀርባዋ የጎበጠ ሴት ማገዶ ተሸክማ ቁልቁል ትወርዳለች። አብራት የምትወርደው ልጇ የትኛው እንጨት ቶሎ እንደሚነድ፣ የትኛው እንደሚያጨስ፣ ሳማ የት እንደሚበቅልና ሲለበልብ ምን እንደሚደረግ ጠንቅቃ ታውቃለች። ያቺ ልጅ በጫካው ውስጥ ለመዝናናት አልሄደችም፤ ድህነቷም የሚደነቅ አይደለም። ግን ባለ መኪናው ልጅ ከእሷ ያነሰ የሚያውቅ ሆኖ ማደጉ በገንዘብ የተገዛ ድንቁርና ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም። "አላውቅም፣ ቅጠሉን ወስደን አያትህን እንጠይቅ" ማለት ከየትኛውም ካርቱን የተሻለ መልስ ነው። ልጁ ከሳምንት በኋላ አያቱ ቤት የሚሄድበት ምክንያትም ያገኛል።

ልብ ብሎ ማየት የልጅ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ አክሊሉ ለማን ያስታውስ። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ተመራማሪ ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ እያጠና ሳለ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ በሽታውን የሚያስተላልፉት ነበሩ። እንዶድ ለዘመናት የሀገር ሳሙና ነበር፤ ሺህ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል። ቆሞ የጠየቀው እሱ ነው። ሥራውም ከባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሰጥቶታል። ወንዝ ዳር ተጎንብሶ ቀንድ አውጣ የሚያይ ልጅ ዛሬ የሚሰማው ግን "ተነስ፣ ሱሪህ ቆሸሸ!" የሚለውን ነው።

"ስልክ ትንሽ ቢያይ ምን ይሆናል?" ለሚሉ ደግሞ ቁጥር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ተቀምጠው እንዳይውሉ፣ ቢያንስ 180 ደቂቃ ግን እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። የዓይን ነገርም አለ። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆችን ለሦስት ዓመት የተከታተለና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ከመደበኛው በተጨማሪ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ውጭ እንዲውሉ ከተደረጉት መካከል ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወጡት ግን 39.5 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒት አይደለም፤ ደጅ መውጣት ነው። መናፈሻ ድረስ ሄዶ ልጁን ስክሪን ላይ የሚያስቀምጥ ወላጅ ለመድኃኒቱ ከፍሎ ሳይውጠው የሚመለስ ሰው ነው።

ተቃውሞው ይታወቃል። "ጸጥታው አያስተማምንም" የሚለው እውነት ነው፤ መናገሻ ሱባ ያለው ጥንታዊ ጫካ፣ ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ የሚነገርለት፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚታይበት ቦታ፣ ሰላሙ ተጣርቶ ካልሆነ ቤተሰብ ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ይህን ማንም አይክድም። ግን ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ወደ 700 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ አለ። ከእንጦጦ ካፌዎች ጋር ሲነጻጸር እሁድ እሁድ ስንት ቤተሰብ ያስታውሰዋል? "ልጁ ይታመምብኛል" ለሚለውም መልሱ ሳሙና ነው። የማያውቀውን ፍሬ እንዳይበላ አንድ ጥብቅ ሕግ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውጭ ጭቃ ይታጠባል።

ከተማ አስተዳደሩም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ይዞ የሚወጣበት ቦታ ብርቅ ነበር፤ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መከፈቱ፣ በየወንዙ ዳር መናፈሻ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሣሩ ላይ የሚረግጥ ልጅ ፊሽካ የሚነፋበት መናፈሻ ለማን ተሠራ? ሜዳው ምንጣፍ፣ ዛፉ ጌጥ፣ ልጁ አጥፊ። ዘበኛው የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ ያዘዘው ክፍል ግን ቢያንስ በየመናፈሻው አንድ ጥግ ይተው። የማይታጨድ፣ ድንጋይና ግንድ የተጣለበት፣ መቆፈር የሚፈቀድበት ጥግ። ከፏፏቴው መብራት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ትምህርት ቤቶችም ይጠየቁ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው "የትምህርት ጉብኝት" ምን እንደሚመስል ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ ድምፅ ማጉያው የሚያጓራ አውቶቡስ፣ ስልሳ ልጅ፣ ሦስት ቦታ በአንድ ቀን፣ በየቦታው ሃያ ደቂቃና የቡድን ፎቶ። ከሦስቱ ሁለቱን መሰረዝ ነዳጅም ይቆጥባል። ልጆቹን በአሥር በአሥር ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዛፍ ሰጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያው መተው ነው። የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ ከአውቶቡሱ ሹፌር ጋር ሰዓት ከመጨቃጨቅ ያርፋል። ጉብኝቱ በአብዛኛው ዓመቱ ሲያልቅ፣ ግንቦት ላይ ስለሚሆን ጊዜው አላለፈም። የወላጅ ኮሚቴዎች ክፍያውን ከመሰብሰባቸው በፊት ፕሮግራሙን በጽሑፍ ይጠይቁ።