ዘጠኝ ክለቦች ያለፉት ልጅ

ሰውን መመዘን እህልን እንደ መመዘን ቢሆን ኖሮ የሚያስቸግር ነገር ባልነበረ። እህል በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ዛሬ ያለውን ክብደት ይናገራል፤ ወጣት ግን የሚመዘነው ዛሬ ባለው ብቻ ሳይሆን ነገ ይሆናል ተብሎ በሚታሰበው ጭምር ነው። በፈተና ወረቀት የሚመዘን ተማሪም፣ በአለቃው ሪፖርት የሚመዘን ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛም ይህን በራሱ ላይ ያውቀዋል። ዛሬ የማነሣላችሁ በአሜሪካ አገር የነገውን ሰው መመዘን ሙያ አድርገው ስለ ያዙ ሰዎች ነው። ስማቸው ስካውት ይባላል። በአንገታቸው ላይ ሻሽ አስረው ድንኳን የሚተክሉት የተማሪ ቤት ስካውቶች አለመሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ። እነዚህኞቹ ለቤዝቦል ክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉ ናቸውና መልማዮች እንበላቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። በቤዝቦል ወርዋሪው ከትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ሆኖ፣ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ዱላውን አንሥቶ ወደሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል። ፈጣን የተባለው ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበራል፤ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። እንግዲህ ጨዋታው የሚጀመረው በወርዋሪው እጅ ስለ ሆነ፣ ጐበዝ ወርዋሪ ያለው ክለብ ግማሹን መንገድ ተጓዘ ማለት ነው። ወርዋሪ ውድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ክለቦቹ አዳዲስ ወጣቶችን የሚወስዱት ድራፍት በሚባል ምርጫ ነው። ዛሬ 30 የሆኑት ክለቦች በተራ እየተነሡ የሚፈልጉትን ልጅ ስም ይጠራሉ። ልጁ ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ነው እሱን የሚመርጠው። ወዴት እንደሚመደብ ሳያውቅ ደብዳቤውን የሚጠብቅ አዲስ ተመራቂ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአራት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ያለ ተማሪም ለዚህ ምርጫ የሚቀርበው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው።

የመልማዩ ሥራ እንዲህ ነው። የኮሌጅ ቡድኖች ግጥሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ የሚካሄድ ሲሆን፣ ዋነኛው ወርዋሪ የሚሰለፈው እንደ ልማድ በዓርቡ ጨዋታ ነው። መልማዩ ይህን አውቆ ይመጣና ከኳስ ተቀባዩ በስተ ኋላ ይቀመጣል። የኳሱን ፍጥነት የሚለካ የራዳር መሣሪያና ማስታወሻ ደብተር ይዞአል። ማርክ የሚሰጠው እንደ እኛ ከመቶ ሳይሆን ከ20 እስከ 80 በሚደርስ ሚዛን ነው፤ 50 ማለት በታላላቆቹ ክለቦች ዘንድ መካከለኛ ማለት ነው። ለፈጣኑ ኳስ አንድ ማርክ፣ ለጥምዙ ኳስ ሌላ ማርክ፣ ኳሱን ካሰበበት ቦታ ለማሳረፍ ላለው ችሎታ ደግሞ የብቻው ማርክ ይሰጠዋል። ዛሬማ መሣሪያዎቹ ኳሱ በአየር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ሳይቀር ይቈጥራሉ።

ነገር ግን ጥሩ መልማይ በቍጥር ብቻ አይረካም። ልጁ በመጀመሪያው ዙር የነበረው ፍጥነት በሰባተኛው ዙር ምን ያህሉ ቀርቶለታል? ጓደኛው ቀላል ኳስ ሲያመልጠው ፊቱን ያጠቍራል ወይስ ኳሱን ተቀብሎ ሥራውን ይቀጥላል? ክንዱ ሳይታገል ይወነጨፋልን? ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ለክለቡ ሪፖርት ይጽፋል። በዚያች ሪፖርት የተነሣ ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል፤ አለዚያም ልጁ ይታለፋል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት መልማዩ ቢሰማው፣ እንጀራው እርሱ ራሱ መሆኑን በሣቅ ያምን ነበር።

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ እንምጣ። በ2006 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቲም ሊንስከም የሚባል ወርዋሪ ነበረ። በዚያ ዓመት ውድድር 199 መቺዎችን ኳሱን ሳያስመታ አሰናበተ፤ ለአገሩ ምርጥ አማተር ተጫዋች የሚሰጠውን የጎልደን ስፓይክስ ሽልማትም ወሰደ። ታዲያ ምን ጐደለው? ቁመትና ሥጋ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 77 ኪሎ ያህል ነበር። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለውን ጐረምሳ ሎጋ እንለዋለን፤ በመልማዮቹ ደብተር ግን ወርዋሪ ማለት ከዚህ የረዘመና የፈረጠመ ሰው ነው። አወራወሩም ከሌላው የተለየ ነበር። አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ባስተማረው ስልት ገላውን እንደ ገመድ ጠምዝዞ፣ ከቁመቱ የሚበልጥ ርምጃ ተራምዶ ይወረውራል። «ይህ ቀጭን ልጅ እንዲህ እየተወረወረ ስንት ዓመት ይቈያል?» የሚል ሥጋት ተነሣ።

የምርጫው ቀን ሲደርስ ዘጠኝ ክለቦች ሌላ ስም ጠሩ። የዚያችው ከተማ ክለብ የሲያትል ማሪነርስ እንኳ በአምስተኛው ተራ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ወርዋሪ ወሰደ። በአሥረኛው ተራ የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ሊንስከምን ጠራው፤ አወራወሩንም አልለወጠበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚያገኘውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ደገመው። በ2010 ጃይንትስ ዋንጫውን ባገኘበት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አሸናፊው ወርዋሪ እርሱ ነበር። በፊቱ በአንደኛ ተራ የተጠራው ሉክ ሆቼቫር ግን ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ ወርዋሪ ሆነ።

አንባቢ ግን አይቸኵል፤ መልማዮቹን ሁሉ ሞኝ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዘጠኙ አንዱ፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ፣ በሰባተኛው ተራ የጠራው ክሌይተን ከርሾ በዘመኑ ከታወቁት ወርዋሪዎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ሆኖአል። የሊንስከምም ገላ እንደ ተፈራው ብዙ አልቈየም። ከ2012 ጀምሮ ኃይሉ ቀነሰ፤ በ2015 ዳሌውን በቀዶ ጥገና ታከመ፤ በታላላቆቹ ክለቦች ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ2016፣ በ32 ዓመቱ ነው። እንግዲህ የፈሩት ነገር እውነት ነበረ። የተሳሳቱት በፍርሃቱ ዋጋ ነው። ሊመጣ የሚችለውን ጉዳት አይተው፣ በዓይናቸው ፊት የነበረውን ችሎታ አሳነሱት።

ደግሞ የተገላቢጦሹን እንመልከት። ስቲቨን ስትራስበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ማንም ክለብ አልጠራውም። ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገባው ወፍሮና ሩጫ ተስኖት ነበር። በዚያ ሠርቶ፣ ከስቶ፣ ጠንክሮ በ2009 ከሁሉ በፊት ስሙ ተጠራ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብም 15 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ዶላር ሊከፍለው ፈረመ። እርሱ ረጅም ነው፣ ፈርጣማ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ሚዛኑ ሁሉ ሞልቶለታል። በሰኔ 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን አሰናበተ። በመስከረም የክንዱ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ተመልሶም በ2019 የዋንጫው ግጥሚያ ኮከብ ሆነ፤ ክለቡም ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለው። ከዚያ ወዲህ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ሲሆን በ2024 ጫማውን ሰቀለ። በዚህም መልማዮቹ አልተሳሳቱም፤ ያዩት ሁሉ ነበረ። በክርን ውስጥ ያለ ጅማት ስንት ጊዜ ወርውሮ እንደሚበጠስ ግን ማንም ከመቀመጫው ሆኖ አያነብም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በመዛኝ ወንበር ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ በሪፖርታችሁ ላይ ያያችሁትን በአንድ ዓምድ፣ የምትፈሩትን በሌላ ዓምድ ጻፉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲሰርዝ አትፍቀዱለት። በመምህርነት ሥራዬ ማርክ ስሰጥ ለራሴም የማስታውሰው ይህንኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ተመዛኞች ለሆናችሁ፦ ሊንስከም ከዘጠኝ ስሞች በኋላ፣ ስትራስበርግም ከሦስት ዓመት ሥራ በኋላ ነው የተጠሩት። ስማችሁ ገና ካልተጠራ ዝርዝሩ አላለቀም፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ክንዳችሁን አሠሩት፣ ጠብቁትም፤ «ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላልና።

የሳምንት ሰው ይበለን።