የቅዳሜ ዕረፍት በሽማግሌዎች ቤት

ክረምቱ መስከረም 25 ቀን ተፈጽሞ መጸው ሲገባ፣ በደጋው አገር ሰማዩ ይጠራል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ ጤፉም ገና አልታጨደም። በአረምና በአጨዳ መካከል የምትገኝ ይህች ወራት ለገበሬ አጭር የማረፊያ ጊዜ ናት። በእርስዋ ውስጥ የሚውል ቅዳሜ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ልጆቻቸውን ድረው ያሰናበቱ ባልና ሚስት በዚያ ቀን በቤታቸው ያሉ እንደ ሆነ፣ መንገደኛው «እንዴት ያለ ዕረፍት ነው!» ብሎ ያመሰግናል። እኔ ግን ከምስጋናው በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ ምድጃውን ማየት ይገባል እላለሁ።

ቀዳሚት ሰንበት በአገራችን ብዙ ክርክር የተደረገባት ቀን ናት። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ እርስዋ መከበር ብዙ መከራ ተቀበሉ፤ በመጨረሻም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ከእሑድ ጋራ እንድትከበር ተወሰነ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ቦታ ገበሬው በቅዳሜ ሞፈሩን ሰቅሎ ይውላል፤ በሬውም ከቀንበር ተፈትቶ ይግጣል። ኦሪትም የሚያርፉትን ስትቈጥር ወንድ ልጅንና ሴት ልጅን፣ ሎሌንና ገረድን፣ ከብትንና መጻተኛን ሳይቀር ጠርታለች፤ ሚስትን ግን ለብቻዋ አልጠራችም። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና «አንተ» በተባለው ውስጥ አለች ቢባል መልካም ትርጓሜ ነው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ እንዲሁ ይፈጸማልን?

ሞፈር ሲሰቀል እሳት አይጠፋም። ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ በደጅ ፀሐይ ሲሞቅ፣ አሮጊቲቱ ከጎሕ ጀምራ አመዱን ትጠርጋለች፤ እሳት ታነዳለች፤ ወጥ ትሠራለች፤ ቡና ትቈላለች። አቦሉ ሲዘገይ «ምነው፣ ቡናው አልደረሰም?» ይላታል። እርስዋም ጭሱ ዓይንዋን እያስለቀሳት «ይታገሡኝ እንጂ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው» ትለዋለች። ይህን ያለ ቍጣ ትናገራለች፤ አርባ ዓመት አብረው ስለ ኖሩ ቍጣው ያለቀ ይመስላል። ቍጣው አለቀ ማለት ግን ድካሙ አለቀ ማለት አይደለም።

ልጆች በቤት ሳሉ ይህ ነገር አይታይም ነበር፤ ሴቲቱ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ወንዱ እንጨት ይፈልጣል። እነርሱ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ሥራው ሁሉ በአንዲት ጀርባ ላይ ይወድቃል። በዛሬ ዘመን በእንስራ ፈንታ የሚሸከሙት ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። በሬውን ከቀንበር የፈታ ሰው ይህን ሸክም በስድሳ ዓመት ሴት ጀርባ ላይ እያየ ዝም ቢል፣ ሰንበትን አከበረ ለማለት እቸገራለሁ።

«ታዲያ ቡና ይቅርብን? እሳት ይጥፋ?» የሚል አይታጣም። በጎንደርና በስሜን አገር የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት፣ በሰንበት እሳት ከቶ አያነዱም ነበር። የቅዳሜው ምግብ ዓርብ ይሰናዳል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም እሳቱ ይጠፋል። ምድጃው ሲበርድ ሴቲቱም ከባልዋ ጋራ ታርፋለች። ሁላችን እንዲህ እናድርግ አልልም፤ የጥቅምትን ብርድ የሽማግሌ አጥንት ያለ እሳት አይችለውም፤ ቡናም ከቀረ ጎረቤት ይቀየማል። ነገር ግን የቅዳሜ ዕረፍት የሚሰናዳው ዓርብ መሆኑን ከእነርሱ ሥርዓት መማር ይቻላል።

እንግዲህ ሽማግሌው ዓርብ ከቀትር በኋላ እንጨቱን ፈልጦ፣ እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ከቤት ያግባ። ውኃውን በአህያ ጭኖ ያምጣ፤ አህያ ከሌለው ከጎረቤት ይዋስ። «ወንድ ውኃ ሲያመጣ ሰው ምን ይላል?» ቢል፣ ሰው አንድ ሳምንት ይስቃል፤ በሁለተኛው ይለምዳል። ቅዳሜ ጠዋትም እሳቱን እርሱ ያንድድ፤ ለዚህ ትምህርት አያሻም። በከተማ ያሉ ልጆችም ለእናታቸው ነጠላ ገዝተው ከመላክ ይልቅ፣ በወር አንድ ዓርብ መጥተው ለአራቱ ቅዳሜ የሚበቃ እንጨት ፈልጠው ቢሄዱ ይሻላል። ነጠላውን አይላኩ ማለቴ አይደለም፤ እናት ነጠላ ትወዳለች።