ጓሳና ዲክላራሲዮን

«ጉዳይህ እንዲሞት ከፈለግህ ለኮሚቴ ስጠው» የሚለው ቀልድ በየመሥሪያ ቤቱ ከቡና ጋር ይቀርባል። ቀልድ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። የውጭ ንግድ ወረቀት ይቅለል በተባለ ቁጥር ግን መልሱ ከዚሁ ቀልድ ይቀዳል፦ ቆራጥ ሰው ይሾም፣ ከላይ ትእዛዝ ይውረድ።

ከላይ የወረደ ትእዛዝማ ተሞክሯል። በ1841 እ.ኤ.አ. የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዘው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ከመቶ 5 እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚህ የቀለለ ሥርዓት ከየት ይመጣል? ዳሩ ግን ከታጁራ ባሕር ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወጣው መንገድ በአፋር ባላባቶች እጅ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ለውሉ አልተቀመጡም። ውሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ዛሬም ያው ነው። የበግ ሥጋ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ነጋዴ የጤና ምስክር ወረቀት ከግብርና፣ ፈቃድ ከባንክ፣ የምንጭ አገር ማረጋገጫ ከንግድ ምክር ቤት ይዞ ሲቀርብ ነው ትራንዚተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሞላለት። የጉምሩኩ ሹም ጀግና ቢሆን እንኳ የእንስሳት ሐኪሙን ማኅተም አያነሣም።

ይህን ቋጠሮ ማን ይፈታዋል? መንዝን ጠይቁ። መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳ የብዙ ባለመብት ሀብት ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በክፉ ቀንም ለከብት ይፈለጋል። ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር (ከቅርቡ የፖለቲካ ቃል ጋር አታምታቱት)። የአጽመ ርስት ባለመብቶች አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ አጫጆቹ ራሳቸው ዘብ ይቆማሉ። ልብ በሉ፣ ደንቡ አጭር ነበር፤ «ተዘግቷል»፣ «ተከፍቷል»፣ በቃ። ያጠረው የሕግ አዋቂ ስላረቀቀው አይደለም። ሊጥሰው የሚችለው ሁሉ ሲወጣ አብሮ ተቀምጦ ስለነበር፣ ማንም ሌላውን ለማመን ተጨማሪ ምልክት አላስፈለገውም። የኛ ቢሮዎች ግን አይተዋወቁም፤ ስለማይተዋወቁ አይተማመኑም፤ ስለማይተማመኑ እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይጨምራል።

በ1974 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሮች የንግድ ሥነ ሥርዓትን የሚያቀል ብሔራዊ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ መከረ። ከወራት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የታወጀው የመሬት አዋጅ ቄሮን አፈረሰው። ዓለም ተቀመጡ ሲባል እኛ ተነሣን! ጓሳው ላይ የደረሰውን መንዝ ያውቀዋል፤ ያሻው ሁሉ ገባበት። ኋላ ሽማግሌዎች ዳግም ኮሚቴ አቁመው ባይደርሱለት ዛሬ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም የምናይበት ሜዳ ባልኖረ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማቅለያ ስምምነት በአንቀጽ 23 ይህንኑ ብሔራዊ ኮሚቴ ግዴታ ማድረጉ ለኔ የሚደንቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም የኮምፒውተር ተአምር ተደርጎ ይወራለታል። ኮምፒውተሩማ ቀላሉ ነው። ከደርዘን በላይ መሥሪያ ቤቶች በአንድ መስኮት ከመገናኘታቸው በፊት የትኛው ቅጽ የማን እንደሆነ መስማማት አለባቸው፤ ያን ደግሞ ማሽን አያደርግላቸውም።

ኮሚቴ አበል ይበላል፣ ቃለ ጉባኤ ይቆልላል ይባላል። ይበላል፤ ይቆልላል፤ ነጋዴ ያልተቀመጠበት ከሆነ። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ስለሚጠቁር ገዢው የቆላውን ይመርጣል፣ ኮሚቴ ሥጋ አያነጣም የሚሉም አሉ። አያነጣም። የተላከው ሥጋ ማኅተም ሲጠብቅ እንዳይውል ግን ያደርጋል።

የጉምሩክ ወንበር ዓመት ሙሉ ባዶ ቢውል ንግዱ ብዙም አይጎዳም፤ ኮሚቴው አንድ ወር ካልተሰበሰበ ግን ወረቀቱ ይባዛል። ሲዋቀርም አንድ ወንበር ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ለመጣ የበግ ነጋዴ ይተውለት፤ ከዚያ እስከ ቄራው በር ስንት ቦታ «ቁም» እንደተባለ በጣቱ ይቆጥርላቸዋል።