የሚያስፈራው መጽሐፉ ነው ወይስ አንባቢው?

ሰው መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው መጽሐፉን መክደን ነው፤ ሁለተኛው ቀና ብሎ ማየት ነው። መክደኑን ሁሉም ያውቅበታል፤ ቀና ብሎ ወዴት እንደሚያይ ግን የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለእናንተ ለወጣቶች የምጽፈው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በኢተያ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያልፈው መንገድ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ቀድሞ ያስተማርኋቸው ሦስት ወጣቶች ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። መጽሐፉ «ዘ ኤክሶርሲስት» ይባላል፤ አጋንንት አስወጪው ማለት ነው። የመጀመሪያው ወጣት፣ «እንዲህ ያለው መጽሐፍ መቃጠል አለበት፤ የጋኔንን ነገር የሚያነብ ጋኔንን ወደ ቤቱ ይጠራል» አለ። ሁለተኛው፣ «የለም፤ እንዲያውም ሁሉም ሊያነበው ይገባል፤ ምልክቱን ያስተምራል። እኔ ካነበብሁት በኋላ የጎረቤታችንን ልጅ ምን እንደ ያዛት ገባኝ» አለ። ሦስተኛው ሣቀና፣ «ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ፤ ተረት ነው» ብሎ ሻዩን ጠጣ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

ያቺን የጎረቤት ልጅ አውቃታለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንዳንድ ጊዜ በድንገት ትወድቃለች፤ እጅ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ አረፋ ትደፍቃለች። በሰፈሩም በአማርኛ ሰይጣን፣ በኦሮምኛ ጂኒ እየተባለ ስሟ ይነሣ ጀምሯል። ስለዚህ ክርክሩ ለእኔ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና የተምታታ ስለ ነበረ፣ አሁን በጽሑፍ አስተካክዬ እሰጣለሁ።

አስቀድሜ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ልንገረው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የራሴን ታሪክ ከምነግርበት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደራሲው ዊልያም ፒተር ብላቲ፣ ወላጆቹ ከሊባኖስ የሄዱ አሜሪካዊ ካቶሊክ ነበረ። በ1949 በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ካህናት ከአንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋኔን አስወጡ የሚል ዜና በጋዜጣ አነበበ። ዜናው ሃያ ዓመት ከልቡ ሳይወጣ ቆይቶ በ1971 ልብ ወለድ ሆኖ ታተመ። ታሪኩ ሬገን ስለምትባል ትንሽ ልጅ፣ ስለ እናቷና ሊረዷት ስለ መጡ ሁለት ካህናት ነው። ደራሲው ሰውን ወደ እምነት ለማቅረብ አስቦ እንደ ጻፈው ይናገር ነበር።

የአንባቢውና የተመልካቹ ነገር ግን ከታሪኩ ይልቅ ያስደንቃል። መጽሐፉ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። በ1973 መጨረሻ ፊልም ሆኖ በወጣ ጊዜ ሰዎች በሲኒማ አዳራሽ ራሳቸውን ሳቱ፤ አንዳንዱን አስመለሰው፤ አንዳንዱም ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። ከሃይማኖት ሰዎች አንዳንዶቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙት፤ ሌሎቹ ሰውን ወደ ጸሎት ይመልሳል ብለው አመሰገኑት። በ1975 አንድ ሐኪም፣ ፊልሙን ካዩ በኋላ አእምሯቸው ስለ ታወከ አራት ሕመምተኞች በሕክምና መጽሔት ጻፈ። እንግዲህ የሻይ ቤታችን ክርክር አዲስ አይደለም፤ ዓለም ከኀምሳ ዓመት በላይ የተከራከረበት ነው።

አሁን ለመጀመሪያው ወጣት እመልሳለሁ። ልጄ፣ የሚያስፈራ ሁሉ ይቃጠል ካልህ ከሩቅ አገር መጽሐፍ አትጀምር፤ ከገዛ አገርህ ጀምር። በተአምረ ማርያም የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሰምተህ የለምን? ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ ለቤተ ሰቡ እንኳ ያልራራ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ምን ልብ ወለድ አለ? አባቶቻችን ግን ሕፃናት በተሰበሰቡበት ያነቡታል እንጂ አላቃጠሉትም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር እኛ ተማሪዎች በዚህ ታሪክ እንሥቅ ነበር። «ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ» እያልን በጎረቤት ልጆች ላይ እናላግጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ሰምተውን፣ «ልጆቼ፣ እናንተስ ለተጠማ ቁስለኛ ስንት ጊዜ ውኃ ሰጣችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የታሪኩ ፍሬ ሰው የተበላበቱ ክፍል አይደለም፤ የተጠማው ቁስለኛ ውኃ ያገኘበቱ ነው። ፍሬውን ሳይለይ ሁሉን ለእሳት የሚሰጥ አንባቢ ምን ይባላል? በሔጦሳ ሜዳ እንክርዳድ አገኘሁ ብሎ የስንዴ ማሳውን የሚያቃጥል ገበሬ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ወደ ሁለተኛው ወጣት ስመጣ ነገሬ ይከብዳል። የመጀመሪያው የሚጎዳው ወረቀት ነው፤ አንተ ግን የምትጎዳው ሰው ነው። መጽሐፉ ምልክቱን አስተማረኝ ብለሃል። እውነት አንብበኸዋልን? በታሪኩ ውስጥ እናትየዋ አስቀድማ የሄደችው ወደ ሐኪም ነው። ልጅቱን ሐኪሞች በየመሣሪያው መረመሯት፤ የአእምሮ ሐኪሞችም አዩአት። በኋላ የተጠራው ካህን፣ አባ ካራስ፣ ራሱ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ እርሱም ቶሎ አላመነም፤ ማስረጃ እየፈለገና እየተጠራጠረ ቆየ። ልብ ወለድ የጻፈው ሰው እንኳ እርሱ ለፈጠራት ልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቀላት፣ አንተ እግዚአብሔር በፈጠራት ልጅ ላይ በአንድ ምሽት ንባብ ትፈርድባታለህን?

ከዚህም በላይ የመጽሐፉን ዋና አሳብ ዘልለኸዋል። ሽማግሌው ካህን አባ ሜሪን ለባልንጀራው የሚነግረውን በራሴ ቃል ልንገርህ። የጋኔኑ ዒላማ የተያዘችው ልጅ ሳትሆን ቆመው የሚያዩት ሰዎች ናቸው፤ የሚፈልገውም እነርሱ የሰውን ልጅ የተናቀና አስቀያሚ አድርገው አይተው ተስፋ እንዲቆርጡ ነው። ደግሞም ክፋት ይልቁን የሚገኘው በጥቃቅኑ ነገር፣ በቂምና በወዳጆች መካከል በምትወጣ ክፉ ቃል ነው ይላል። እንግዲህ በመጽሐፉ ሚዛን እንኳ ብንመዝን፣ በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ክፋት የታየው የት ነው? በወደቀችው ልጅ ላይ ነው ወይስ «ምን እንደ ያዛት ገባኝ» ብሎ ወሬውን ከቤት ወደ ቤት ባዞረው አፍ ላይ?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ፈሪው ልጡን በዱላ ቢቀጠቅጠው ጉዳት የለውም። እባብ መስሎት የቀጠቀጠው ሕፃን ቢሆንሳ? በጀርመን አገር የሆነውን ስማ። አኔሊዘ ሚሸል የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ተማሪ፣ ለሚጥል በሽታ በሐኪም ስትታከም የቆየች ሳለች፣ ጋኔን ይዟታል ተብሎ በ1975 እና በ1976 ስድሳ ሰባት ጊዜ የማስወጣት ጸሎት ተደረገላት። በመጨረሻ ሐኪም አጠገቧ ሳይኖር፣ በምግብና በውኃ እጦት ተዳክማ በ1976 ሞተች። በ1978 ፍርድ ቤት ወላጆቿንና ሁለቱን ካህናት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኞች ናችሁ አላቸው። እነዚህ ሰዎች ልጅቱን ጠልተዋት አይደለም፤ ወደዋት ነው። ፍቅር ማስተዋል ሲጎድለው እዚህ ድረስ ይወስዳል።

በአገራችንም የተጠና ነገር አለ። ከእኛ ከአርሲ ተነሥቶ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ በሚገኘው በቡታጅራ አካባቢ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት አስጠንተው፣ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ፤ ጥናቱም በ1990 ታተመ። ከነዚያ ሕመምተኞች መካከል ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚህ ሒሳብ ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት አምስት ልጆች ማለት ነው። በአምስቱም ላይ ጋኔን ልትፈልግ ነውን?

ይህን ስጽፍ ግን እኔ ንጹሕ የሆንሁ አይምሰላችሁ። በ1980 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሳለሁ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ወደቀች። ጠመኔውን በእጄ እንደ ያዝሁ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከዚያም ተማሪዎቹን ሁሉ አስወጣሁና በሩን ዘጋሁ፤ እርሷን ግን በውስጥ ተውኋት። በሚሲዮን የተማርሁ፣ በበላዔ ሰብእ ታሪክ የሣቅሁ ሰው፣ ነገሩ እስኪያልፍ ድረስ በውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ስትነቃ ያየችው ባዶ ወንበሮችን ነው። በማግሥቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ከሦስት ዓመት በኋላ በገበያ ገብስ ስትሸጥ አገኘኋት። ምድጃ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ተቃጥሎ፣ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር። «ደኅና ነዎት፣ ጋሼ?» ብላ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። በሩን በዘጋሁ ጊዜ የሚያስፈራ መጽሐፍ አንብቤ አልነበረም፤ ስለዚህ መጽሐፍ አሳተኝ ብዬ ማመካኘት አልችልም። ፍርሃቱ የራሴ ነበር።

ሦስተኛው ወጣት ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ያመለጥህ ይመስልሃል። ተረት ነው ብለህ ሣቅህ፤ ልክ ነህ፣ ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ጓደኛህ የጎረቤቱን ልጅ ሲያነሣ አንተ ሻይህን ትጠጣ ነበር። ከአጉል እምነት ነፃ መውጣትህ ለልጅቱ ምን ረባት? አንዱ ባለማወቅ ቢጎዳት፣ ሌላው እያወቀ ቢተዋት፣ ለእርሷ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔም በሩን ዘግቼ በቆምሁ ጊዜ ጋኔን ነው ብዬ ከልቤ አላመንሁም ነበር፤ ዝም ብዬ ግን ቆምሁ።

ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ብታዩ ይህን አድርጉ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉለት፤ በጎኑ አስተኙት። በአፉ ምንም ነገር አትክተቱ፤ በጉልበት አትጫኑት፤ በገመድ አታስሩት፤ ክብሪትም ጭራችሁ አታሽትቱት። እስኪነቃ ድረስ ከአጠገቡ አትለዩ። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። ቶሎ ቢያልፍለትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ለዚህ በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ሳያዝ ግን አይጀመርም፣ በድንገትም አይቋረጥም። ጸሎት የሚወድ ይጸልይ፤ እኔም እጸልያለሁ። ጸሎትና ክኒን አይጣሉም፤ የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው።

ከሻይ ቤቱ ክርክር በማግሥቱ ወደ ልጅቱ እናት ቤት ስሄድ ሁለተኛው ወጣት፣ «ጋሼ፣ አብሬዎት ልምጣ» አለኝ። እኔ አላስገደድሁትም። እናትየዋ በሩን ከፍተው ባዩት ጊዜ ዝም አሉ፤ ወሬው ከእርሱ እንደ ወጣ ያውቁ ነበርና። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በኦሮምኛ ይቅርታ ለመናቸው። ብዙ ቆይተው፣ «ግቡ» አሉን። ልጅቱ አሁን በጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምራለች፤ ከዚያ ወዲህ የወደቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ትምህርት ቤትም ተመልሳለች፤ ነገር ግን ከአጠገቧ የሚቀመጥ ተማሪ ገና አልተገኘም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚያስፈራ መጽሐፍ ብታነብ አልከለክልህም። አንብበህ ስትከድነው ግን ዐይንህ ወደ ጎረቤትህ ልጅ ሳይሮጥ አስቀድሞ ወደ ራስህ ይመለስ። የአንተም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለች ልጅ አያጣም። ነገ ወደ ክፍል ስትገባ ከአጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ፈልገህ ተቀመጥ።