«ለምን?» ለሚል ተማሪ «ሸምድደው» መልስ አይሆንም



መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ሁሉ «ተማሪው እንዲጠይቅ አደፋፍሩት» የሚለውን ምክር ደጋግመን ሰምተናል። ጥሩ ምክር ነው። «መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል» ይባል የለ? ነገር ግን ተማሪው ተደፋፍሮ ከጠየቀ በኋላስ? ምን ብለን ነው የምንመልስለት? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ዝም ብለህ ሸምድደው» የሚል ነው። ይህች ጽሑፍ ይህንን መልስ ለመቃወም የቀረበች ናት።

ምሳሌዬን የማመጣው ከጃፓንኛ ቋንቋ ነው። «ጃፓንኛንና እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በትርፍ ሰዓታችን ቋንቋውን እያጠናን ነው። በጥናቱ የታዘብኩት ነገር ለማንኛውም የቋንቋ መምህር ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው የጻፍኩት። እስቲ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ጃፓንኛን የሚጀምር ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። «ዋ» እና «ጋ» የሚባሉት ሁለት ቅጥያዎች ልዩነታቸው ምንድነው? ግሡ ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል? ፊደሉ ለምን ሦስት ዓይነት ሆነ? መጻሕፍቱ መልስ ይሰጣሉ። ነገር ግን እጃችን የሚገቡት መጻሕፍት አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪን አስበው የተዘጋጁ ናቸው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ወደ ጃፓንኛ መግባት የለበትም። አቋራጭ መንገድ አለው፤ እሱም የራሱ ቋንቋ ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ ተማሪው የማያስፈልገውን ጥያቄ ሲፈታ ይውልና የሚያስፈልገውን ሳይጠይቅ ይቀራል።

በመጀመሪያ ከሰዋስው እንነሣ። «አሳጎሃን ኦ ታቤቴ፣ ጋኮ ኤ ኢኪማስ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። አሳጎሃን ቁርስ ነው፤ ታቤቴ መብላትን የሚያሳይ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ጋኮ ትምህርት ቤት፣ ኢኪማስ ደግሞ መሄድ ነው። በአማርኛ «ቁርስ በልቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ማለት ነው። የቃላቱ ተራ አንድ በአንድ የኛው ነው! የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ግሡ ለምን መጨረሻ እንደሚመጣና «ታቤቴ» ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል። ለኛ ግን ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያ አንቀጽ ከልጅነታችን አብረውን ያደጉ ናቸው። «በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተኝቼ፣ ተነሣሁ» የሚል ሰው ለዚህ ምን አስተማሪ ያሻዋል?

ሌላም አለ። «ኪኖ ካታ ሆን» ሲሉ «ትናንት የተገዛ መጽሐፍ» ማለታቸው ነው፤ ገላጩ ከስሙ በፊት ይመጣል፣ እንደኛው። «ታናካ ቶ ዩ ሂቶ» ማለት «ታናካ የሚባል ሰው» ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን «ኪይቴ ሚሩ» የሚለው ነው። ኪይቴ «ጠይቆ»፣ ሚሩ «ማየት» ነው። እኛም «እስቲ ጠይቄ ልይ» እንላለን። ጥያቄ በዓይን አይታይም፤ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች መሞከርን በማየት ይገልጹታል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ፣ ወደ «ዋ» እና «ጋ» እንምጣ። የብዙ ተማሪ ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። ጃፓኖች «ኮሂ ዋ?» ሲሉ እኛ «ቡናስ?» እንላለን። ያው «ዋ» የኛን «ስ» እና «ማ» ይመስላል፤ ወሬውን ስለምን እንደምናወራ ያስታውቃል። «ዋታሺ ዋ ጋኩሴይ ዴስ» ማለት «እኔ ተማሪ ነኝ» ወይም «እኔማ ተማሪ ነኝ» ነው። «ዋታሺ ጋ ጋኩሴይ ዴስ» ሲሉ ግን «ተማሪው እኔ ነኝ» ማለታቸው ነው፤ ማን እንደሆነ ለጠየቀ ሰው የሚሰጥ መልስ። ደግሞም «ማን መጣ?» ሲባል «ዳሬ ጋ» እንጂ «ዳሬ ዋ» አይባልም። ለምን? ተማሪው «ማንማ መጣ?» ብሎ በአማርኛ ይሞክረው። ጆሮው ወዲያው እምቢ ይለዋል። ይኸው ምክንያቱ! ገና ማን እንደሆነ ያልታወቀን ሰው የወሬ መነሻ ማድረግ አይቻልም። «ዋ» በሁሉም ቦታ «ማ» ወይም «ስ» ነው አላልኩም። ሆኖም ጅምሩን ከያዘ ቀሪውን በልምድ ይደርስበታል።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የሚያኮራ ታሪክ አለ። ሚካሚ አኪራ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ትርጉሙ «ዝሆን አፍንጫው ረጅም ነው» ማለት ነው። ታዲያ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው? ዝሆኑ ወይስ አፍንጫው? ሚካሚ «ባለቤት» የሚለው ከአውሮፓ ሰዋስው የመጣ ስም ለጃፓንኛ አይስማማውም ብሎ ተከራከረ። እንግሊዝኛ ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ ሊለው ይቸገራል። እኛስ? «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው»፤ «አስቴር ዓይኗ ያምራል»፤ በቃ፣ ያለ ምንም ችግር! አንድ የሂሳብ መምህር የራሱን ቋንቋ በሌላ ሰው ልክ በተሰፋ ልብስ አላለብስም ካለ፣ እኛ የወደፊት መምህራን ከዚህ የምንማረው ያለ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር እንደኛው ነው ብሎ መዝናናት ደግሞ አደገኛ ነው። የራስ ቋንቋ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ፤ መምህሩ አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

አንደኛ፦ በአማርኛ ግሡ ራሱ ማን እንደሠራ ይናገራል። በልቼ፣ በልተህ፣ በልታ፣ በልተው። በጃፓንኛ «ታቤቴ» ለሁሉም ያው ነው። «እኔ» እና «አንተ» የሚሉትንም ቃላት እኛ እንደምናደርገው ይተዋቸዋል። የኛ ተማሪ «ታዲያ ማን ነው የበላው?» ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። መልሱ ከግሡ ላይ ሳይሆን ከወሬው ሂደትና ከአክብሮቱ ቃል ይገኛል።

ሁለተኛ፦ እኛ «ሰው አለ»፣ «መጽሐፍ አለ» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። እነሱ ለሰውና ለእንስሳ «ኢሩ»፣ ለዕቃ «አሩ» ይላሉ። በሌላ በኩል «ጊዜ አለህ?» ለማለት «ጊዜ አለ?» ማለታቸው ለኛ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ የአክብሮት ነገር ነው። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እየለየን ስላደግን ጃፓንኛ አክብሮት አለው ሲባል ደስ ይለናል። ግን ጃፓናዊው ለውጭ ሰው ስለ ገዛ አባቱ ሲናገር «ቺቺ» ይላል እንጂ የሚያከብረውን «ኦቶሳን» አይልም። ግሡንም ዝቅ አድርጎ «ማይሪማስ» ይላል። የሌላውን ሰው አባት ግን ያከብራል። «አባባ መጡ» እያለ ላደገ ልጅ ይህ ምን ይመስላል? «ኧረ ይሄማ ብልግና ነው!» ይላል። «ሕጉ ነው» ብንለው ይሸመድደዋል፤ ልቡ ግን አይቀበለውም። ነገሩ እንዲህ መባል አለበት፤ እነሱ ዘንድ ወሰኑ በትልቅና በትንሽ መካከል ብቻ አይደለም። የቤት የሚሉት «ኡቺ»፣ የውጭ የሚሉት «ሶቶ» አለ። ከውጭ ሰው ፊት የራስን ወገን ዝቅ ማድረግ እንግዳውን ማክበር ነው። እኛስ ለእንግዳ ያማረ ወጥ አቅርበን «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንል የለም? «እኔ አቶ እገሌ ነኝ» የሚል ሰውስ አያስቀንም? እነሱም «ሳን» የሚለውን የማክበሪያ ቃል በራሳቸው ስም ላይ አይጨምሩም። ልጁ ይህን ሲሰማ ይገባዋል።

ወደ ድምፅና ወደ ጽሕፈት እንለፍ። «ኪቴ» ላልቶ ሲነበብ «ና» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ቴምብር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ለመስማት ይለፋል። «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ለይቶ ለሚሰማ ግን ምንም አይደለም። እንዲያውም እነሱ ይበልጡናል፤ «ትሱ» የምትባለውን ፊደል አሳንሰው በመጻፍ መጥበቁን ያሳያሉ፣ የኛ ፊደል ግን አያሳይም። የኛ ችግር አናባቢን ማርዘም ላይ ነው። «ኦባሳን» አክስት ሲሆን «ኦባአሳን» ሴት አያት ነው። አያትን አክስት ብሎ ላለመጥራት ጆሮን ማለማመድ ያስፈልጋል።

ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለት ፊደሎች እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው። እንደኛ ፊደል አንዱ ምልክት «ካ» አንዱ «ኪ» ተብሎ ይነበባል። ልዩነቱ፣ በኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ በመልክ ወንድማማች ናቸው፤ በነሱ ግን «ካ» እና «ኪ» አይመሳሰሉም። ሆኖም በ«ካ» ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት ሲጨምሩባት «ጋ»፣ በ«ሳ» ላይ ሲጨምሩባት «ዛ» ትሆናለች። እኛም በሰ ላይ ጨምረን ሸ፣ በተ ላይ ጨምረን ቸ፣ በነ ላይ ጨምረን ኘ አድርገናል።

«ሃ» ተብሎ የሚነበበው ሆሄ ቅጥያ ሲሆን ለምን «ዋ» ይባላል? ይህም የተለመደ ጥያቄ ነው። የድሮ አጻጻፍ ቅሪት ነው፤ በ1946 እ.ኤ.አ. አጻጻፋቸውን ሲያሻሽሉም ይህችን ትተዋታል። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያልን በአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል የያዝን ሰዎች በነሱ ልንደነቅ አይገባም።

ካንጂ የሚባሉት ከቻይና የመጡት ምልክቶችስ? «አንድ ምልክት ለምን ሁለትና ከዚያም በላይ ንባብ ኖረው?» ይላሉ ተማሪዎች። መልሱ በኛው ቁጥር ላይ አለ። ፫ን ያየ አማርኛ አንባቢ «ሦስት» ይላል፤ በግዕዝ የሚያነብ «ሠለስቱ» ይላል። ምልክቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ ከጥንት ትምህርት የመጣ። የተራራው ካንጂም ለብቻው «ያማ»፣ በፉጂሳን ውስጥ «ሳን» ይባላል። (ይህ «ሳን» ተራራውን ማክበሪያ አይደለም!) በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው «ካይዘን» እንኳ የሁለት ካንጂ ጥምር ነው፤ ካይ መለወጥ፣ ዘን መልካም።

«ለምን አይተውትም ታዲያ?» የሚል ቢኖር፣ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማኤጂማ ሂሶካ የተባለ ሰው በ1866 እ.ኤ.አ. ካንጂ ይቅር ብሎ ለመንግሥት አመልክቶ ነበር። አልቀረም። «ካሚ» የሚለው ድምፅ ፀጉርም፣ ወረቀትም፣ አምላክም ነው፤ በካንጂ ሲጻፍ ይለያል። ቃልን ከቃል የሚለይ ባዶ ቦታም ስለማይጠቀሙ ካንጂው ለዓይን ምልክት ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዘቦት ካንጂ ዝርዝር 2136 ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ልጆች 1026ቱን ይማራሉ። እዚህ ላይ መሸምደድ አይቀርም፤ እኔም መሸምደድን ፈጽሞ አልጠላም። ምክንያቱን አውቆ የሚሸመድድና ሳያውቅ የሚሸመድድ ግን አንድ አይደሉም።

«ቋንቋን በቋንቋው ማስተማር ነው የሚሻለው፣ የራስ ቋንቋ ያሰንፋል» የሚሉ አሉ። ለልምምዱ እስማማለሁ፤ መናገር የሚለመደው በመናገር ነው። ነገር ግን በሁለት ደቂቃ «ቡናስ?» ብሎ ማስረዳት ሲቻል ሳምንት ሙሉ ማደናገር ምን ይባላል? ደግሞም መመሳሰሉን ዝምድና አድርጎ የሚወስድ እንዳይኖር፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ጃፓንኛ ፈጽሞ ሌላ ቤተሰብ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማድረጉን የቋንቋ ሊቃውንት አብረውት ከኖሩት ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ያያይዙታል።

ይህ ደግሞ ወደ ራሳችን ሥራ ይመልሰናል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ የሆነ ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል። አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ስናስተምረው «ለምን?» ይለናል። የሱን ቋንቋ ጥቂት እንኳ ካላወቅን መልሱ አጠገቡ እያለ «ሸምድደው» እንለዋለን። ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ፤ የተማሪን ጥያቄ በሦስት እንክፈለው፦ የራሱ ቋንቋ የሚመልስለት፣ የራሱ ቋንቋ የሚያሳስተው፣ ታሪክ የሚመልሰው። ያላወቅነውን «አጣርቼ ነገ እነግርሃለሁ» እንበል፤ ነገም እንንገረው።

በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ካለ ብዕሩን ያንሣና እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን።